ማተሚያ ቤቱ በጠላት እጅ ሳለ

ከለንደንና ከካርቱም የወጡ ሁለት ጋዜጦች በአምስቱ የወረራ ዓመታት ምን ሠሩ? ከድሉ በኋላስ?

በ1954 ዓ.ም. ሰኔና ሐምሌ፣ ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ሻለቃ ግቢ፣ አንድ ቁመተ ረዥም ደቡብ አፍሪካዊ ጠበቃ ወታደርነት ይማር ነበር። አርባ አራት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ነው የቀረው። አብረውት ግቢ ውስጥ ከሚውሉት ወጣት ፖሊሶች አጠገብ ሲቆም እንደ አባት ነው የሚታየው። ጠዋት ዒላማ ይተኩሳል፣ ቀጥሎ ስለ ፈንጂና ስለ ሞርታር ይማራል፣ ከዚያም መሣሪያና ስንቁን ተሸክሞ ዳገት ቁልቁለቱን ይጓዛል። የያዘው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ዴቪድ ሞትሳማዪ ይለዋል። እውነተኛ ስሙ ኔልሰን ማንዴላ ነው።

ስልጠናውን በበላይነት የሚከታተሉት ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ነበሩ። እሳቸውም በልጅነታቸው ከአርበኞች ጋር ወጥተው፣ በጣልያን ተይዘው፣ ሶማሊያ ድረስ ተወስደው የታሰሩ ሰው ናቸው። ማንዴላን በየቀኑ የሚያሰለጥነው መቶ አለቃም በጣልያን ጊዜ በውስጥ አርበኝነት የተዋጋ እንደነበር ማንዴላ ራሱ በሕይወት ታሪኩ ጽፏል። ስልጠናው ስድስት ወር እንዲፈጅ ታስቦ ነበር። ነገር ግን የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ ቶሎ እንዲመለስ ስለጠራው ሳምንታት ብቻ ቆይቶ ተነሳ። ኮሎኔል ታደሰ ሲሸኙት አንድ ሽጉጥና ሁለት መቶ ጥይት አበረከቱለት። ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. አገሩ ውስጥ ተይዞ ታሰረ፤ ከእስር የወጣው ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ ነው።

ዛሬ ከመርካቶ ተነስቶ በአጠና ተራ በኩል ወደ ኮልፌ ለሚሄድ ሰው ይህ ታሪክ እምብዛም አይታየውም። መንገዱን የሞሉት የተደረደረ የባሕር ዛፍ አጠና፣ የቆርቆሮና የብረታ ብረት ሱቅ፣ የታክሲ ረዳቶች ጥሪ ናቸው። ኮልፌ ቀራንዮ ከከተማዋ ሰፋፊ ክፍለ ከተሞች አንዱ ሆኗል። በማንዴላ ጊዜ ግን ግቢው የቆመው ከተማው አልቆ ገጠሩ በሚጀምርበት ቦታ ነበር።

ማንዴላ ኮልፌ የመጣበት ምክንያት የሚጀምረው ግን ከ1954 በፊት ነው። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሲወር የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ እንደነበረና ያ ወረራ በፋሺዝም ላይ ጥላቻ እንዳሳደረበት ጽፏል። በደቡብ አፍሪካ ገጠር ያደገ ልጅ ስለ ኢትዮጵያ ጦርነት እንዴት ሰማ? የጎልድ ኮስት፣ የናይጄሪያና የካሪቢያን ወጣቶችስ አይተውት ለማያውቁት አገር ለምን ተቆጡ? ወሬው ወደ እነሱ የሄደው በጋዜጣ ነው። በዚያ ዘመን ከወጡት ጋዜጦች ውስጥ ሁለቱ ለኢትዮጵያ ነፃነት ብቻ የተቋቋሙ ሲሆኑ፣ ሁለቱም ከአገር ውጭ ነበር የሚታተሙት።

ሚያዝያ 27

የጣልያን ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ ከተማዋ ያፈራቻቸው ማተሚያዎችም አብረው በእጁ ወደቁ። ከሁሉም የሚታወቀው በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን የተቋቋመው የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ነው። በዚያው ስም የሚጠራው ሳምንታዊ ጋዜጣ ከታኅሣሥ 1917 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛ ሲወጣ ቆይቷል። ስለ ትምህርት፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ባርነት መቅረት፣ ስለ ጃፓን ሥልጣኔ የሚከራከሩ ጸሐፊዎች ያደጉት በእሱ ገጾች ላይ ነበር። ወረራው ጋዜጣውን ዘጋው። ከጸሐፊዎቹ ከፊሉ ተገደለ፣ ከፊሉ ታሰረ፣ ከፊሉ ተሰደደ።

ጣልያኖች የጋዜጣን ጥቅም አላጡትም። በጣልያንኛ «ኮሪየሬ ዴል ኢምፔሮ»ን፣ በአማርኛ ደግሞ «የቄሣር መንግሥት መልእክተኛ»ን አወጡ። የሁለቱም መልእክት ተመሳሳይ ነው፤ ጦርነቱ አብቅቷል፣ ንጉሡ ጥሎ ሄዷል፣ ጫካ የቀረው ሽፍታ ነው የሚል። ይህን የሚያስተባብል አንዲት ቅጠል ወረቀት በአገር ውስጥ በይፋ ማተም አይቻልም ነበር። የአርበኞች መልእክት የሚተላለፈው በእጅ በተጻፈ ደብዳቤ፣ በገበያ ወሬ፣ በአዝማሪ ግጥምና በባሕታዊ ትንቢት ብቻ ሆነ።

የጣልያኑ እንደራሴ ግራዚያኒም ይህ ወሬ እንዴት ያለ ጉልበት እንዳለው ገብቶት ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ቦምብ ከወረወሩበት በኋላ አዲስ አበባ ለሦስት ቀን ታረደች፣ ተቃጠለች። በቀጣዩ ወር ግራዚያኒ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ትንቢት ተናጋሪዎች እየተያዙ እንዲገደሉ ማዘዙን ለሮማ በቴሌግራም አሳወቀ። ክሳቸው የጣልያን አገዛዝ በቅርቡ ያልቃል እያሉ ለሕዝብ ያወራሉ የሚል ነበር። ወራሪው የአዝማሪን አንደበት እንደ ታጠቀ ሠራዊት ቆጥሮ ነው የገደለው። ማተሚያ ቤቱን መያዙ ወሬውን ለመያዝ እንዳልበቃው ከዚህ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ የለም።

የዉድፎርዷ አዘጋጅ

አዲስ አበባ በተያዘችበት በዚያው ዕለት ለንደን ውስጥ አዲስ ሳምንታዊ ጋዜጣ ወጣ። ስሙ «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» ሲሆን፣ የመጀመሪያው እትም ሽፋን ላይ የሰፈረው ቀን ከአራት ቀን በኋላ ያለው ነው። አዘጋጇ ሲልቪያ ፓንክረስት ናት። ለሴቶች የመምረጥ መብት ስትታገል ደጋግማ ታስራለች፤ ስትጾም በግድ በቱቦ ተመግባለች። የሕይወት አጋሯ ሲልቪዮ ኮሪዮ ከፋሺዝም ተቃዋሚዎች ወገን የሆነ ጣልያናዊ ስደተኛ፣ በጋዜጣና በኅትመት ሥራ የተካነ ሰው ነበር። ሁለቱ ዉድፎርድ ከሚባለው የለንደን ዳርቻ መኖሪያቸው ሆነው ሥራውን ይመሩ ነበር።

የጋዜጣው አሠራር ቀላልና አድካሚ ነበር። ደብዳቤ ከጅቡቲ፣ ከሱዳን፣ ከኢየሩሳሌም ስደተኞች፣ ከሚሲዮናውያንና ከውጭ አገር ሐኪሞች ይመጣል። ሲልቪያ አንብባ፣ አርማ፣ አርእስት ሰጥታ ታወጣለች። በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር የነበሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴና ሌሎች ኢትዮጵያውያን ይጽፉ ነበር። የፋሺስቶችን ግድያ የሚያሳዩ ፎቶግራፎች በገጾቹ ላይ ወጥተዋል። የካቲት 12ን በዓይኑ ያየው ሐንጋሪያዊው ሐኪም ላዲስላስ ሳቫ የምስክርነት ቃሉን ለዓለም ያሰማው በ1933 ዓ.ም. በዚሁ ጋዜጣ ነው። ሥርጭቱ ተስፋፍቶ በበለጸገበት ጊዜ አርባ ሺህ ቅጂ እንደ ደረሰ ይነገራል። በአማርኛ የተዘጋጁ ልዩ እትሞችም ታትመው በስውር ወደ አገር ቤት ተልከዋል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ነፋሱ ወደ ሌላ በሚነፍስበት ጊዜ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቢናገሩም ማኅበሩ ጥቂት ቆይቶ በጣልያን ላይ የጣለውን ማዕቀብ አነሳ። እንግሊዝ በ1931 ዓ.ም. መባቻ የጣልያንን ወረራ በይፋ አወቀች። በዚያ ወቅት «ኢትዮጵያ አልተሸነፈችም» ብሎ በየሳምንቱ ማተም በለንደን ፖለቲካ ዓይን እብደት ይመስል ነበር። ሲልቪያ ግን ለምክር ቤት አባላት፣ ለጳጳሳትና ለሌሎች ጋዜጦች ትልካለች፣ ደብዳቤ ታዥጎደጉዳለች፣ ስብሰባ ትጠራለች።

ጋዜጣው ጉድለት አልነበረውም ማለት ግን አይቻልም። ከጅቡቲ የሚመጣው ወሬ ብዙ ጊዜ የተጋነነ ነበር። ትንሽ ግጭት ትልቅ ድል ይሆናል፣ የሞተው የጣልያን ወታደር ቁጥር ያብጣል። የታሪክ ተመራማሪዎች ጋዜጣውን ለጦርነቱ ዝርዝር ምንጭ አድርገው ሲጠቀሙ በጥንቃቄ የሚይዙት ለዚህ ነው። ሲልቪያ ወሬውን የምታጣራበት መንገድ አልነበራትም። የጋዜጠኝነት ሚዛኗም ገለልተኝነት አልነበረም፤ ወገን ለይታ ነው የተነሳችው። ሆኖም ዋናው ነገሯ በጊዜ ተፈትኖ ጸንቷል፤ ጦርነቱ አላበቃም ያለችው እውነት ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሎሬንሶ ታእዛዝ በ1931 ዓ.ም. ከሱዳን በስውር ጎጃም ገብቶ አርበኞቹን አግኝቶ ሲመለስ፣ ትግሉ እንዳለ በዓይን ምስክር ተረጋገጠ።

በዚያው ዘመን ባሕር ማዶ ሌላ የኢትዮጵያውያን ድምፅም ተነስቶ ነበር። ሐኪሙ መላኩ በያን ኒው ዮርክ ውስጥ በ1929 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቋመ። «የኢትዮጵያ ድምፅ» የተሰኘ ጋዜጣም በእንግሊዝኛ ያሳትም ነበር። ጥቁር አሜሪካውያን የኢትዮጵያን ጉዳይ እንደ ራሳቸው ጉዳይ እንዲይዙት ለፍቶ፣ ነፃነቷን ሳያይ በ1932 ዓ.ም. በወጣትነቱ አረፈ።

ባንዲራችን

ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ሙሶሊኒ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ሲያውጅ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ትናንት ወረራውን ያወቀችው እንግሊዝ ዛሬ የአርበኞች አጋር ሆነች። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ወር መጨረሻ ካርቱም ደረሱ። አብሯቸው ከመጡት ሰዎች አንዱ ጆርጅ ስቲር ነበር።

ስቲር ደቡብ አፍሪካ የተወለደ ጋዜጠኛ ነው። በ1928ቱ ጦርነት የ«ታይምስ» ዘጋቢ ሆኖ አዲስ አበባ ነበር፤ የመጀመሪያ ጋብቻውንም የፈጸመው ከተማዋ ስትዘረፍ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ውስጥ ነው። ከዚያ ወደ ስፔን ሄዶ ገርኒካ የተባለችው ከተማ በቦምብ መደብደቧን ለዓለም ነገረ። አሁን የወታደር ልብስ ለብሶ፣ ካርቱም ውስጥ ለጦሩ የፕሮፓጋንዳ ክፍል አቋቁሞ፣ ከኢትዮጵያውያን ስደተኞች ጋር ሥራ ጀመረ። ከዚያ ክፍል ከወጡት ጽሑፎች ዋናው «ባንዲራችን» የተባለው የአማርኛ ጋዜጣ ነው።

ከጋዜጣው በፊት የመጣው አዋጅ ነበር። በአንበሳ ማኅተም የታተመ አንድ ቅጠል ወረቀት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ድንበር መምጣታቸውን የሚያበሥር፣ በእንግሊዝ አውሮፕላን በጎጃምና በቤጌምድር ላይ ተበተነ። የዚህን ወረቀት ኃይል ለመረዳት የአገሩን ወግ ማሰብ ይበቃል። የንጉሥ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ከተቀመጠበት ይነሳል፣ ማኅተሙን ይስማል፣ ከዚያ አንባቢ ያስጠራል። ወረቀቱ ማንም የማያውቀው ሰው የጻፈው በራሪ ቢሆን ኖሮ ለእሳት መለኮሻ በዋለ ነበር። ማኅተሙ ግን ጣልያን ለአራት ዓመት «ሞቷል፣ ጠፍቷል» ሲል የኖረውን መንግሥት በአንዴ ሕያው አደረገው። ከጣልያን ጎን የተሰለፈው ባንዳም ሆነ የቅኝ ግዛት ወታደር ማኅተሙን ያውቀዋል። ለምን ከማን ጋር እንደቆመ ራሱን እንዲጠይቅ ያደረገው ይኸው ነው።

«ባንዲራችን» ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ሥራ ነው። አዋጅ አንዴ ይነበባል፤ ጋዜጣ ይመላለሳል። ጋዜጣው አንዱ አካባቢ ያለው አርበኛ ሌላው አካባቢ የሆነውን እንዲያውቅ አደረገ። ጎጃም ውስጥ እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ እነ ነጋሽ በዛብህ፣ እነ በላይ ዘለቀና እነ ልጅ ኃይሉ በለው እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አገር ለብቻቸው ሲዋጉ ኖረዋል፤ እርስ በርስ የሚቀናኑም የሚጋጩም ነበሩባቸው። ራስ አበበ አረጋይ ከአባይ ማዶ ሸዋ ላይ ናቸው። አንድ ጋዜጣ የእነዚህን ሁሉ ሥራ በአንድ ገጽ ላይ አሰልፎ ሲያወጣ፣ እያንዳንዱ ብቻውን እንዳልሆነ ያውቃል፤ ጣልያኑም ያውቃል።

ወረቀቱ የሚጓዘው እንደ ጥይቱ ነበር። ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም. በኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ የሚመራው «ሚሽን 101» ከሱዳን ወደ ጎጃም ሲገባ የበቅሎው ጭነት ጠመንጃ፣ ማሪያ ቴሬዛ ብርና የታተመ ወረቀት ነበር። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ኦሜድላ ላይ ባንዲራ ሰቀሉ። እንግሊዛዊው መኮንን ኦርድ ዊንጌት የሚመራው ትንሽ ጦር ከሁለት ሺህ ብዙም አይበልጥም ነበር። ሆኖም ጎጃም ላይ ከሱ እጅግ የሚበዛ የጣልያን ጦር ገፍቶ ደብረ ማርቆስን አስለቀቀ። አርበኞቹ በየአቅጣጫው ሳይነሱ ይህ ሊሆን አይችልም ነበር። የስቲር ሰዎችም በድምፅ ማጉያ፣ በበራሪ ወረቀትና በጋዜጣ ትንሹን ጦር ትልቅ አስመስለው አቀረቡት። በዚያ ዘመቻ ላይ አብሮ የተጓዘ ኤድመንድ ስቲቨንስ የተባለ ጣልያንኛ አጥርቶ የሚናገር አሜሪካዊ ጋዜጠኛ፣ በተማረከ ምሽግ ውስጥ ስልክ ቢጮህ አንስቶ፣ በጣልያናዊ አስመስሎ፣ እጅግ ብዙ ጦር እየመጣባቸው መሆኑን ነግሮ አስደነገጣቸው ይባላል።

ዊንጌት በአዲስ አበባ ሰዎች አፍ አሁንም አለ። በስሙ የተሰየመው ትምህርት ቤት በኮልፌና በጉለሌ አዋሳኝ ተቋቁሞ ብዙ ምሁራንን አፍርቷል፤ ሰፈሩም ዊንጌት ይባላል። የስቲር ስም ግን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። በ1937 ዓ.ም. በርማ ግንባር አጠገብ በመኪና አደጋ ሞተ።

ጋዜጣው ማን እጅ ደረሰ?

የዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ አብዛኛው ሕዝብ ማንበብ አይችልም። ታዲያ ጋዜጣ ምን ያደርግለታል?

አንድ ሰው ያነበበው ወረቀት ለሰፈር ይበቃ ነበር። በየደብሩ ቄስ፣ ደብተራና የቆሎ ተማሪ አለ። ቅጂው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ የሰማው ለሌላው ያወራል። ጽሑፉ ተነቦ እስኪያልቅ ወረቀቱ ይቆሽሻል፤ ወሬው ግን አይቆሽሽም። አዝማሪው ደግሞ ግጥም ያወጣለታል። ግራዚያኒ አዝማሪውን ያስገደለበት ምክንያት ይህ አልነበር? በአገራችን የጋዜጣ ሥርጭት ቁጥር ያኔም ዛሬም የአንባቢ ቁጥር ሆኖ አያውቅም።

ወረቀቱን ከከተማ ወደ ጫካ፣ ከጫካ ወደ ከተማ የሚያደርሱት የውስጥ አርበኞች ናቸው። የአዲስ አበባ ዙሪያ በምሽግ ታጥሮ በየበሩ ፍተሻ ነበር። መድኃኒት፣ ጥይት፣ ልብስና ደብዳቤ ግን ይወጣሉ። ሸዋረገድ ገድሌ በዚህ ሥራ ከሚታወቁት ሴቶች ቀዳሚዋ ናት። ተይዛ ጣልያን አገር አዚናራ ደሴት ታስራ ከተመለሰች በኋላም ሥራዋን አላቋረጠችም። አዲስ ዓለም የነበረው የጣልያን ምሽግ ሲጠቃም ስሟ ይነሳል። ወደ ሆለታ፣ ወደ አዲስ ዓለምና ወደ አምቦ የሚወስደው የምዕራቡ መንገድ፣ ከአየር ጤና በኩል ደግሞ ወደ ወሊሶ፣ ወደ እነ ደጃዝማች ገረሱ ዱኪ አገር የሚወርደው የጅማ መንገድ፣ ሁለቱም የሚነሱት ዛሬ ኮልፌ ቀራንዮ ካለበት ከከተማዋ ምዕራባዊ ዳርቻ ነው። በእነዚህ መንገዶች ላይ ሲተላለፍ የጠላትን መንግሥት የሚቃወም ጽሑፍ በእጁ የተገኘ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል።

ስለዚህ «ባንዲራችን» እና «ኒው ታይምስ» ውጭ አገር ታትመው ቢመጡም፣ ጋዜጣ ያደረጋቸው ተሸካሚያቸውና አንባቢያቸው ነው። ካርቱም ያለው የእንግሊዝ ጦር ወረቀትና ቀለም አለው፤ እሱ ብቻውን ግን በራሪ ወረቀት ከማውጣት አያልፍም ነበር። ሕይወቱን ለወረቀት አሲዞ የሚያደርስ ሰው፣ ደፍሮ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው፣ ሰምቶ የሚያምን ሰው የነበረው እዚህ ነው።

ከአክራ እስከ ኬፕታውን

የኢትዮጵያ ወሬ በአፍሪካ የቅኝ ግዛት ከተሞች ሌላ እሳት ለኮሰ። በ1928 ዓ.ም. አክራ ላይ «አፍሪካን ሞርኒንግ ፖስት» የተባለውን ዕለታዊ ጋዜጣ የሚያዘጋጀው ናይጄሪያዊው ናምዲ አዚኪዌ ነበር። አዲስ አበባ ከተያዘች ከአሥር ቀን በኋላ፣ ግንቦት 7 ቀን፣ ሴራሊዮናዊው አይ. ቲ. ኤ. ዋላስ ጆንሰን የጻፈውን ጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉ አፍሪካዊ አምላክ አለውን ብሎ ይጠይቃል፤ በክርስትና ስም መድፍ የሚያነግቡትን አውሮፓውያንም ይወቅሳል። የጎልድ ኮስት መንግሥት ሁለቱንም በአድማ ማነሳሳት ከሰሳቸው። አዚኪዌ ስድስት ወር እስራት ተፈርዶበት በይግባኝ ነፃ ወጣ። ወደ ናይጄሪያ ተመልሶ በ1930 ዓ.ም. «ዌስት አፍሪካን ፓይለት»ን መሠረተ። ያ ጋዜጣ በናይጄሪያ የነፃነት ትግል ትልቁ መሣሪያ ሆነ፣ አዚኪዌም በመጨረሻ የአገሩ ፕሬዚዳንት።

ክዋሜ ንክሩማ ወደ አሜሪካ ለትምህርት ሲሄድ ለንደን ላይ ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ወረረ የሚል የጋዜጣ ማስታወቂያ ሰሌዳ አይቶ ለንደን ሁሉ በእሱ ላይ ጦርነት እንዳወጀች ሆኖ እንደ ተሰማው ጽፏል። እሱም ወደ አገሩ ሲመለስ በ1940 ዓ.ም. ማለቂያ «አክራ ኢቭኒንግ ኒውስ»ን ከፈተ። ከዚያ በፊት ጆሞ ኬንያታ የኪኩዩ ቋንቋ ጋዜጣ አዘጋጅ ነበር። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ በ1929 ዓ.ም. ኬፕታውን ላይ የተጀመረው «ጋርዲያን» የተሰኘ ሳምንታዊ ጋዜጣ በተዘጋ ቁጥር ስሙን እየለወጠ ብቅ ይል ነበር። «ክላሪዮን»፣ «ፒፕልስ ወርልድ»፣ «አድቫንስ»፣ «ኒው ኤጅ»፣ በመጨረሻ «ስፓርክ» ሆኗል። ማንዴላ ኮልፌ ከተማረ ከጥቂት ወራት በኋላ «ኒው ኤጅ» ታገደ፣ ተከታዩም ብዙ ሳይቆይ ጸጥ አለ።

በየአገሩ የነፃነት መሪ የሆነው ሰው ቀድሞ አዘጋጅ መሆኑ አጋጣሚ አይደለም። ቅኝ ገዥ የሚገዛው በጦር ብቻ አይደለም፤ ይህ ሕዝብ አንድ ሕዝብ አይደለም፣ ራሱን ማስተዳደር አይችልም፣ ከእኛ ውጭ ተስፋ የለውም በሚል ወሬም ይገዛል። ያንን ወሬ በየሳምንቱ፣ በአንድ ርእስ፣ በብዙ ከተማ በአንድ ጊዜ የሚያፈርስ ጋዜጣ ነበር። የኢትዮጵያ ጉዳይ ደግሞ ለእነዚህ አዘጋጆች አንድ የማይገኝ ነገር ሰጣቸው፤ ተወርሮ ያልተንበረከከ የአፍሪካ መንግሥት ምሳሌ። ለኢትዮጵያ ሲጽፉ ስለ ራሳቸውም እየጻፉ ነበር። ማንዴላ አርባ አራት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ወደ ኮልፌ የመጣው ያን ምሳሌ ተከትሎ ነው።

ከድሉ በኋላ

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ፤ ግንቦት 30 ቀን «አዲስ ዘመን» ጋዜጣ የመጀመሪያ እትሙን አወጣ። በዚያው ዘመን «ሰንደቅ ዓላማችን» በአማርኛና በዐረብኛ መውጣት ጀመረ። ማተሚያው ወደ ባለቤቱ ተመለሰ።

ነገር ግን ትግሉ አላበቃም። እንግሊዝ ኢትዮጵያን ከጠላት እንደ ተያዘ ግዛት አስተዳደረች። በጥር 1934 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ብዙ ሥልጣን በእንግሊዞች እጅ አስቀረ፤ በታኅሣሥ 1937 ዓ.ም. ሌላ ውል እስኪፈረም ድረስም ነገሩ አልተስተካከለም። ኦጋዴን ከዚያም በኋላ ለዓመታት በእንግሊዝ አስተዳደር ቆየ፤ የምጽዋ ወደብ ንብረት እየተነቀለ ተሸጠ። ሲልቪያ በዚህ ጊዜ ብዕሯን በራሷ መንግሥት ላይ አዞረች። «ኒው ታይምስ» ከፋሺስት ሮማ ጋር ይከራከር የነበረውን ያህል ከለንደን የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ጋር ተከራከረ። ባለሥልጣናቱም እንደ ችግር ቆጠሯት። በ1948 ዓ.ም. ሃያ ዓመት የሞላው ጋዜጣ ተዘግቶ እሷ ወደ አዲስ አበባ መጣች፤ እዚህም «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» የተባለ መጽሔት አወጣች። መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት አርፋ፣ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ደጃፍ ተቀበረች። ልጇ ሪቻርድ ፓንክረስት የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ከመሠረቱት አንዱ ሆኖ አብዛኛውን ሕይወቱን እዚህ አሳለፈ። ተቋሙ የሚገኘው በዚያው የካቲት 12 ቦምቡ በተወረወረበት ገነተ ልዑል ነው።

የሲልቪያ ጋዜጣ ግን አንድ ነገር አላደረገም። በአዲስ አበባ የተቀመጠውን መንግሥት ለመተቸት ብዕሩ ከበደው። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር እንድትዋሃድ ሲከራከር የሌላውን ወገን ድምፅ ቦታ ነሳው። አገር ውስጥ ያለው ጋዜጣም በቶሎ የመንግሥት ልሳን ሆነ፤ ሳንሱርም የዕለት ሥራ ሆነ። አርበኛው ያመነበትን ለመናገር የሚታገለው ከውጭ ጠላት ጋር ብቻ እንዳልሆነ ታየ። ከአርበኞቹ ከራሳቸው በየምክንያቱ የከፋቸው ብዙዎች ነበሩ፤ በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት ሲቀጣ፣ የአገሪቱ ጋዜጦች ከመንግሥት ቃል በቀር ሌላ ቃል ያሰሙበት መንገድ አልነበረም። ኮሎኔል ታደሰ ብሩም ማንዴላን ካሰለጠኑ ዓመታት በኋላ ከንጉሡ መንግሥት ጋር ተጋጭተው ሞት ተፈርዶባቸው ነበር። በመጨረሻም በደርግ ተገደሉ።

ለነፃነት የተነሳ ጋዜጣ ታላቅነቱ በባዕድ ገዥ ላይ በጻፈው ብቻ ከተለካ መልሱ ቀላል ነው፤ ባዕድ ሲወጣ ሥራው ያልቃል፣ የቀረው ከአገሩ ገዥ ጋር ያለው ፍቅር ነው። «ባንዲራችን» እና «ኒው ታይምስ» ከጣልያን ጋር የገጠሙትን ፈተና በድል ተወጥተዋል። ሲልቪያ ሁለተኛውን ፈተና፣ የራስን መንግሥት መውቀስን፣ ለንደን ላይ አልፋለች። አዲስ አበባ ላይ ግን እሷም፣ የነፃይቱ አገር ጋዜጦችም ወድቀዋል። የአገር ውስጥ ጋዜጠኛ ከድል ማግሥት ጀምሮ እስከ ዛሬ የሚፈተነው በዚሁ ጥያቄ ነው።